እምቦጭ ከጣና ሲወጣ ናይትሮጅኑ የት ይቀራል?

ጥያቄው የመጣው ደምቢያ ተወልደው አሁን ውጭ አገር ከሚኖሩ ሰው ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «እምቦጭ ለሚባለው የውኃ አረም ማስወገጃ በየጊዜው ገንዘብ እናዋጣለን። ሕዝቡ በጥቅምት ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። ዓመት ሳይሞላ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ እናየዋለን። አንዳንዱ ጥፋቱ የዩሪያ ማዳበሪያ ነው ይላል። እውነት ነው? ገበሬው ዩሪያ ቢያቆምስ ምን ሊበላ ነው? የተነቀለውን ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ። ቀጥተኛውን መልስ ላስቀድም። ዘመቻው የአረሙን ብዛት ይቀንሳል፤ አረሙን የሚቀልበው ምግብ ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የተረፈው ጥቂት እምቦጭ የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዩሪያም እጁ አለበት፤ ብቻውን ግን ተከሳሽ መሆን የለበትም። ገበሬው ዩሪያ ያቁም የሚል ምክር ከእኔ አይጠብቁ። ኮምፖስቱ ይቻላል፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። አሁን አንድ በአንድ ልሂድበት።

መጀመሪያ የብዛቱን ነገር እንይ። እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቆቃ ግድብ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ቦታውም የሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ መገጭ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ነበር። ይህን ቦታ ያስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እምቦጭ ለመባዛት የግድ ዘር አያስፈልገውም። እናቲቱ ተክል ወደ ጎን ቀጭን ግንድ ትዘረጋለች፤ ጫፉ ላይ ልጅ ይበቅላል፤ ልጁም ወዲያው የራሱን ልጅ ያወጣል። ምግብ፣ ሙቀትና ቦታ ካገኘ በአንድና በሁለት ሳምንት መካከል እጥፍ ይሆናል። እስቲ ሁለት ሳምንት ብለን እናስላው። 100 ሄክታር ነበረ እንበል። ዘመቻው 90ውን ሄክታር አጸዳ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ በቴሌቪዥንም ይታያል። የቀረችው 10 ሄክታር ግን በሁለት ሳምንት 20፣ በአራት ሳምንት 40፣ በስድስት ሳምንት 80 ትሆናለች። ሰባተኛው ሳምንት ሳያልቅ 100 ሞላ። 99ኙ ሄክታር ቢጸዳስ? አንዷ ሄክታር መቶ ለመሆን ሦስት ወር ገደማ ይበቃታል።

በእርግጥ ሐይቁ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ነፋስ ይበትነዋል። ውኃው ሲሸሽ ዳር ላይ ቀርቶ ይደርቃል። ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል። ስንት ሄክታር ተነቀለ የሚለው ቁጥር ብዙም አይነግረንም። ስንት ቀረ፣ የቀረውስ በምን ፍጥነት ያድጋል የሚለው ነው ዋናው።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ልብ ይሰብራል። ቨርኸልስት የተባለ የቤልጂየም የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1838 ያሳየው ነገር አለ። ማንኛውም ሕያው ነገር አካባቢው ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ አለው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ወላጆቹ ጥቂት ስለሆኑ በወር የሚጨመረው ትንሽ ነው። ጣሪያው አጠገብ ሲደርስም እርስ በርሱ ስለሚሻማ የሚጨመረው ያንሳል። ትልቁ ጭማሪ የሚመጣው መሀል ላይ፣ የጣሪያው ግማሽ አካባቢ ነው። አሁን ጥቅጥቅ ብሎ የተያዘ የእምቦጭ ምንጣፍ ያስቡ። ቦታ የለም። አዲስ ልጅ የሚዘረጋበት ክፍት ውኃ የለም። እኛ ገብተን ግማሹን እናነሳለን። የቀረው ግማሽ ቦታም ብርሃንም ምግብም አገኘ። ሳናውቀው በፍጥነት ወደሚያድግበት ደረጃ መለስነው ማለት ነው። በግማሽ የሚቆም ዘመቻ ከምንም ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ጋ ብዙም አይሠራም።

ዘሩም አለ። አበባው ከደረቀ በኋላ ዘሩ ወደ ታች ይሰምጣል። ደለል ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። ክረምት ሲመጣና ውኃው ሲሞላ ቡቃያው ተነስቶ ይንሳፈፋል። አንድም ተክል ሳይቀር ቢነቀል እንኳ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መነሻ ይኖረዋል ማለት ነው።

እስካሁን ስለ ጣሪያው ከፍታ አልተናገርኩም። ጣሪያው ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው እንደ ምግቡ ብዛት ነው፤ ከዚያ ምግብ ዋናው አንዱ ናይትሮጅን ነው። ወደ ናይትሮጅን የምንገባው በዚህ በር ነው።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን ከአየሩ ቀጥታ መውሰድ አይችልም። ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በጣም ጠንክረው ስለተያያዙ የሚለያያቸው ኃይል ያስፈልጋል። መብረቅ ጥቂቱን ይለያያል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይለያያሉ፤ ሽምብራና ጓያ ሥር ላይ በሚታዩት ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው መንገድ ፋብሪካ ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሀበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየው፤ በ1913 ኦፓው የሚባል ቦታ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ፎገራ ሩዝ ላይ የሚበተነው ዩሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል ማለት ነው።

ዩሪያው መሬት ከነካ በኋላ የሚሆነውን ገበሬው ቢያውቀው ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል ብዬ አምናለሁ። እርጥበት ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሞኒየም ወደሚባል የናይትሮጅን ውህድ ይቀየራል። አፈር ካልሸፈነው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል። አሞኒየም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ዋልካ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል። ይህ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይመጡና አሞኒየሙን ከኦክስጅን ጋር አዋህደው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት ኔጋቲቭ ሙል አለው፤ አፈሩ አይይዘውም። ዝናብ ሲበዛ ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል። ተክሉ ካልቀደመው ወንዝ ይቀድመዋል።

ናይትሮጅን ተመልሶ ወደ አየር የሚወጣበት ትልቅ በርም አለ። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይመልሱታል። ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው የት ይመስልዎታል? ረግረግ ላይ ነው። ደንገል በቆመበት፣ እግር በሚያሰምጠው ጭቃ ውስጥ።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥልቅ ግን አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ክረምት ላይ ወንዞቹ ቡና መስለው ነው የሚገቡት። ያ ቀለም ከተራራው የታጠበ የእርሻ አፈር ነው። አፈሩ ፎስፈረስ የሚባለውን ሌላ የተክል ምግብ ተሸክሞ ይመጣል፤ የፍግና የበሰበሰ ተክል ናይትሮጅንም አብሮት አለ። ማዳበሪያ ያልነካው ማሳ እንኳ ሲታጠብ ሐይቁን ይመግባል። ለዚህ ነው ዩሪያን ብቻ መክሰስ ትክክል አይደለም የምለው።

መገጭን ያስታውሱልኝ ብዬ ነበር። የጎንደር ከተማ ወንዞች ቀሃና አንገረብ የሚቀላቀሉት ከዚህ ወንዝ ጋር ነው። ከተማው ሲያድግ የመጸዳጃው፣ የእጥበቱና የእርዱ ፍሳሽም ያድጋል። የሰው ሽንት ራሱ ዩሪያ አለበት። አረሙ መጀመሪያ የታየበት ዳርቻ ከትልቅ ከተማ በታች፣ ሰፊ እርሻ ባለበት ሜዳ ላይ መሆኑ ብዙ ይናገራል። የሐይቁ ጉዳይ ሲነሳ ስለ ጎንደርና ባሕር ዳር ፍሳሽ ማጣሪያ ካልተወራ ወሬው ጎዶሎ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉም አስገራሚው ይህ ነው። ጣና ደለሉ ብዙ ስለሆነ ብርሃን ወደ ታች እንደልብ አይገባም። ውኃ ውስጥ የሚኖረው አልጌ የሚባለው ጥቃቅን ሕያው ምግብ ቢኖረውም ጨለማው ያግደዋል። እምቦጭ ግን ቅጠሉን ከውኃው በላይ ዘርግቶ ፀሐዩን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ሥሩን ደግሞ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሎ ምግቡን ይለቅማል። ለሌላው ችግር የሆነው ድፍርስ ውኃ ለእሱ ተፎካካሪ የማይገባበት ግቢ ሆነለት።

በሌላ በኩል መውጫውን በር እኛው ዘግተነዋል። በሐይቁ ዳር የነበረው ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ብቻ አይጠቅምም ነበር። ከማሳ የሚመጣውን ናይትሮጅን ከፊሉን ራሱ ይበላል፤ ሥሩ ሥር ያለው ጭቃ ደግሞ ከፊሉን ወደ አየር ይመልሳል። ደለሉንም ያጠልላል። ዛሬ ውኃው በሸሸ ቁጥር ባሕር ሸሹ መሬት ይታረሳል። ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬት ጠቦታል። ግን ረግረጉ ሲታረስ ሁለት ነገር በአንዴ ይሆናል። ናይትሮጅን የሚያስወጣው ቦታ ጠፍቶ ናይትሮጅን የሚያስገባ ማሳ በምትኩ ይመጣል።

እንግዲህ የአርእስቱ ጥያቄ ላይ ደረስን። እምቦጭ ሲወጣ ናይትሮጅኑ የት ይቀራል? እርጥብ እምቦጭ 95 በመቶው ውኃ ነው። አንድ ቶን ብንነቅል ደረቁ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ከደረቁ ውስጥ ናይትሮጅኑ ሁለት በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ቶን እርጥብ እምቦጭ ማውጣት አንድ ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ማውጣት ነው። አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ለማውጣት ከ20 ቶን በላይ መሸከም ይጠይቃል። ያንን ሁሉ ጉልበት አፍስሰን አረሙን ዳር ላይ ከከመርነው ደግሞ ሥራችን ከንቱ ነው። ይበሰብሳል። ናይትሮጅኑ አሞኒየም፣ ከዚያም ናይትሬት ሆኖ በሚቀጥለው ዝናብ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ቁጥሩን ቀንሰን ጣሪያውን እንደነበረ ተውነው ማለት ይህ ነው።

በኬሚካል እናጥፋው የሚሉ አሉ። ደቡብ አፍሪካ የሃርትቢስፖርት ግድብን ታሪክ ማየት ይበቃል። ግድቡ ከጆሃንስበርግ አካባቢ በሚመጣ ፍሳሽ የጠገበ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እምቦጩ ተረጨና ሞተ፤ እዚያው ሰመጠ። ምግቡ ውኃው ውስጥ ነበረ። ቦታውን መርዝ የሚያመነጭ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ወረሰው። አረሙ ቢሄድ ማዕዱ እስካለ ድረስ ሌላ እንግዳ ይቀመጥበታል። ጣና ላይ ይህ እንዲሆን አልመኝም። በዚያ ላይ የሞተው አረም ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የጣና ዓሣ፣ በተለይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ብቻ የሆኑ የባርበስ ዝርያዎች፣ በዚህ ይጎዳሉ።

ጢንዚዛስ? ይህ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተሞክሯል። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 እምቦጭ ብቻ የሚበሉ ሁለት የጢንዚዛ ዝርያዎችን ለቀቀች። በ1998 አረሙ በሐይቁ ላይ ወደ 20,000 ሄክታር ተጠግቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ጠፋ። በ1997 እና 1998 የነበረው የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበልም አግዟል፤ የየትኛው ድርሻ ይበልጣል በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። በኋላ ግን በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ አጠገብ ባለው በዊናም ባሕረ ሰላጤ በኩል አረሙ ደጋግሞ ተመልሷል። ምክንያቱ ለእርስዎ ጥያቄ ቁልፍ ነው። አረሙ ሲጠፋ ጢንዚዛውም የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ከዘር የበቀለው አዲስ አረም ጠላት ሳይኖርበት ይነሳል። ጢንዚዛው ከእንቁላል ተነስቶ ጎልማሳ ለመሆን ወራት ይፈጅበታል፤ አረሙ በሳምንታት እጥፍ ይሆናል። ናይትሮጅን በበዛበት ውኃ ደግሞ አረሙ የተበላውን ቅጠል ፈጥኖ ይተካል። ስለዚህ በላተኛና ተበላተኛ እየተከታተሉ ይወጣሉ ይወርዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ጨርሶ አያጠፋም። ጢንዚዛውን አልቃወምም፤ በጥንቃቄ ተጠንቶ ቢለቀቅ ደስ ይለኛል። ጣና ከፍታው 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ጢንዚዛውን ያዘገየዋል። ብቻውን ተአምር እንዲሠራ መጠበቅ የለብንም።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ካሉኝ፣ የእኔ አስተያየት ከጥቅምቱ ዘመቻ ከፊሉን ወደ ግንቦት ማዞር ነው። ጥቅምት ላይ አረሙ ክረምት ያመጣለትን ምግብ በልቶ ጎልምሷል፤ ብዛቱም ጫፍ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ሐይቁ ሸሽቷል፣ አረሙ ዳር ላይ ደርቆ ቀንሷል፣ ጭቃው ላይ ያለው ቡቃያ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ የተነቀለ አንድ ተክል በጥቅምት የብዙ መቶ ተክሎች እናት ይሆን ነበር። ለዚህ ሺህ ሰው አያስፈልግም። ጀልባ ያላቸው፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ዳርቻውን የሚዞሩ የቀበሌው ወጣቶች ይበቃሉ። ማሽን ከመግዛትዎ በፊት እባክዎ ይህንን ያስቡበት። ማሽን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ሠልጥኖ የሚነዳ ሰው ይፈልጋል፤ ዳር ላይ ያለው ጥልቀት የሌለው ጭቃም አያስገባውም።

ስለ ዩሪያው ደግሞ፣ ገበሬው ያቁም አልልም። እንዳይባክንበት ግን ማድረግ ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመበተን ከፋፍሎ መስጠት፣ ተክሉ ከሥሩ ተጨማሪ ግንድ ሊያወጣ ሲል ማድረስ፣ አፈር ማልበስ፣ ከባድ ዝናብ ሊመጣ ሲል አለመበተን። ሩዝ ላይ ውኃው ቆሞ ሳለ ከላይ ከመበተን ውኃውን ቀንሶ ጭቃው ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ፎገራ ላይ ከሩዝ በኋላ ጓያና ሽምብራ የሚዘሩ ገበሬዎች ሳያውቁት ናይትሮጅን ከአየር ያመርታሉ፤ ገለባውና ሥሩ መሬቱ ላይ ከቀረ የሚቀጥለው ዓመት ዩሪያ ሊቀንስላቸው ይችላል። ወንዝ ዳርና ሐይቅ ዳር ደግሞ ጠባብም ቢሆን የደንገልና የሣር ቀበቶ ቢተው ብዙ ያጣራል። ለሚተወው መሬት ግን ገበሬው ካሳ ማግኘት አለበት። ባዶ እጁን ተው ብሎ መምከር ተገቢ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ኮምፖስቱ። እምቦጭ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል። ከሐይቁ የሰረቀውን ናይትሮጅን ወደ ማሳው መመለሻውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የክረምት ውኃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያውጡት። በፀሐይ ጠውልጎ ውኃው ይነስ፤ እርጥቡን በጋሪ ማጓጓዝ ውኃ ማጓጓዝ ነው። ከዚያ ከገለባና ከፍግ ጋር እየደረቡ ይከምሩት። ክምሩ ትልቅ ይሁን፤ መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ዘሩ አይሞትም። መሀሉ ሲሞቅ ዳር ያለው ቀዝቃዛ ስለሚሆን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። አበባ ያወጣውንና ዘር የያዘውን ጫፍ ግን ኮምፖስቱ ውስጥ ባይከቱት ይሻላል፤ ለብቻው አድርቀው ያቃጥሉት። ከከተማ ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ የተነቀለውንም ለጎመንና ለሰላጣ ማሳ አይጠቀሙበት፤ ሥሩ ከውኃው መርዛማ የሆኑ ከባድ ብረቶችን ይሰበስባል። ለባሕር ዛፍ ወይም ለሌላ የማይበላ ተክል ይዋል።